የአትላንቲክ መርከቦች ፍጥነት፦ ስሌታችን ለምን ተገለበጠ?

ቱሉ ዲምቱ ፊዚክስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ የግድግዳ ሰሌዳ እየተዘጋጀ ነው፤ ርዕሱ አትላንቲክን ያቋርጡ የነበሩ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ፍጥነት ነው። ተማሪዎቹ «ዩናይትድ ስቴትስ» የተባለችውን መርከብ መረጡ፤ በጁላይ 1952 እ.ኤ.አ. ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም የፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበረችው። የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት አቀናንሰው ርቀቱን ሲያካፍሉ ወደ ምሥራቅ 33.6 ኖት፣ ወደ ምዕራብ 36.7 ኖት አገኙ (1 ኖት በሰዓት 1 የባሕር ማይል ነው)። የባሕሩ የውኃ ፍሰትና ነፋሱ ደግሞ የሚገፉት ወደ ምሥራቅ ነው። መርከቧ እየተገፋች ቀርፋፋ፣ እየታገለች ፈጣን ልትሆን አትችልም። ርቀቱ ወደ ምሥራቅ 2,942፣ ወደ ምዕራብ 2,906 የባሕር ማይል ነው። የተሳሳትነው የቱ ጋ ነው? ሌላው ጥያቄ፦ የሞተሩ ጉልበት በእጥፍ ሲጨምር ፍጥነቱ ለምን በእጥፍ አይጨምርም?

አያት አደባባይ፦
መምህር፣ ማካፈላችሁ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። የኒውዮርኩ ጫፍ በኒውዮርክ ሰዓት፣ የእንግሊዙ ጫፍ በእንግሊዝ ሰዓት ነው የተጻፈው። በመካከላቸው የ5 ሰዓት ልዩነት አለ። ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ ጉዞው ከእውነተኛው የረዘመ ይመስላል፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ ያጠረ ይመስላል።

ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ያገኛችሁት 3 ቀን ከ15 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ 5 ሰዓት ቀንሱ። 3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ ማለትም 82.67 ሰዓት። 2,942 ለዚህ ሲካፈል 35.59 ኖት። ወደ ምዕራብ ያገኛችሁት 3 ቀን ከ7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ 5 ጨምሩ፤ 84.2 ሰዓት ይሆናል። 2,906 ለ84.2፣ 34.51 ኖት። የተመዘገቡት ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። በኪሎ ሜትር ከፈለጋችሁ በ1.852 አባዙ፤ 35.59 ኖት በሰዓት ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው።

ተማሪዎቹ ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጠውት ከሆነ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ 6 ሰዓት ስለሚነሳ ይጣፋል። አደጋው ሌሊቱ ላይ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲባል አንዱ ተማሪ ባለፈው ቀን፣ ሌላው በአዲሱ ቀን ይቆጥረዋል፤ አንድ ሙሉ ቀን የሚጠፋው እንዲህ ነው። ሁሉንም ወደ ግሪንዊች ሰዓት በ24 ሰዓት አጻጻፍ መልሱና ከዚያ ቀንሱ።

አንድ ነገር በሰሌዳው ላይ በጉልህ ጻፉ፦ ሰዓቱ የሚጀምረው ከወደብ አይደለም። ከኒውዮርክ ወደብ ውጭ ካለው አምብሮዝ የመብራት መርከብ እስከ እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ቢሾፕ ሮክ መብራት ድረስ ነው የተለካው። ሌሎች መርከቦች ሌላ ነጥብ ነበራቸው። የጣሊያኗ «ሬክስ» በ1933 ከጅብራልታር ተነስታ በ4 ቀን ከ13 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ደረሰች፤ መንገዷ ወደ 3,180 ማይል ነበር፣ ፍጥነቷ 28.92 ኖት። ስለዚህ ቀናትን ከቀናት አታወዳድሩ፤ ኖትን ከኖት እንጂ። ብሉ ሪባንድ የሚባለው፣ አትላንቲክን በፍጥነት የማቋረጥ ክብርም በልማድ የሚሰጠው ወደ ምዕራብ ለሄደች መርከብ ነው፤ ከባዱ አቅጣጫ እሱ ስለሆነ።

ኩሽኔታ (ቃሊቲ)፦
የጉልበቱን ልመልስ። ውኃ የሚያሳየው መከላከል፣ ማለትም መርከቧን ወደኋላ የሚይዘው ኃይል፣ በግምት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ጉልበት ደግሞ መከላከል ሲባዛ በፍጥነት ስለሆነ በኩብ ያድጋል። መርከብን ከ30 ወደ 33 ኖት ለማድረስ፣ ማለትም 10 በመቶ ለመጨመር፣ 33 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል። ለዚያው ርቀት የሚቃጠለው ነዳጅ 21 በመቶ ይጨምራል። በ2,906 ማይል ላይ የሚተርፈው ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ብቻ ነው። እጥፍ ጉልበት ቢገጠም ፍጥነቱ የሚያድገው 26 በመቶ ነው፤ የ2 ኩብ ሥር 1.26 ነውና።

«ዩናይትድ ስቴትስ» በሙከራ ጉዞዋ 38.32 ኖት ደርሳለች። በኩብ ሕጉ 35.59 ለመሄድ፣ ጭነቱ እኩል ቢሆን፣ የዚያ ጉልበት 80 በመቶ ይበቃል። የመጨረሻዎቹ 2.7 ኖቶች አንድ አምስተኛውን ይበላሉ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ከክብረ ወሰኑ ይበልጥ የሚገርም ቁጥር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት የተለያዩ መርከቦችን በኩብ ሕግ አታወዳድሩ። «ክዊን ሜሪ» ወደ 160,000 የፈረስ ጉልበት ይዛ በ1938 ወደ ምዕራብ 30.99 ሄደች፤ «ዩናይትድ ስቴትስ» ወደ 240,000 ነበራት። 1.5 በኩብ ሥር ብታሰሉት 35.5 ይወጣና «ገጠመ!» ያሰኛል። ግን የአሜሪካኗ በጣም ቀላል ናት፣ የላይኛው ክፍሏ አሉሚኒየም ነው፤ መግጠሙ አጋጣሚ ነው።

አቃቂ ቦይለር፦
ኩሽኔታ ያለው ልክ ነው፤ ግን በወረቀት ያለ ጉልበት ሁሉ ፕሮፔለሩ (ውኃ ውስጥ ዞሮ መርከቧን የሚገፋው ባለ ክንፍ) ጋ አይደርስም። በከሰል ዘመን ፍጥነቱን የሚወስነው የእሳቱ እኩልነት ነበር። «ሞሬታኒያ» የተባለችው መርከብ 25 ቦይለር (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ጋን) ነበራት፤ በቀን ወደ 1,000 ቶን ከሰል ትበላለች፣ ሁሉም በአካፋ ይገባል። ከሰሉ ሲነድ አመዱ ቀልጦ እንደ ድንጋይ ፍርግርጉ ላይ ይጋገራል፤ አየር ይዘጋል፣ እንፋሎቱ ይወርዳል። ስለዚህ በየፈረቃው ምድጃዎቹን በየተራ መጥረግ ግድ ነው፤ በር በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ግፊቱን ይጥለዋል። ያም ሆኖ በ1909 ወደ ምዕራብ 26.06 ኖት ሄዳ እስከ 1929 ድረስ ማንም አልደረሰባትም። በ1929 «ብሬመን» በ27.83 ኖት ቀማቻት። በዚያው ዓመት ኦገስት «ሞሬታኒያ»፣ ያኔ በዘይት ነዳጅ የምትሠራ የ22 ዓመት መርከብ፣ ወደ ምሥራቅ 27.22 ሄደች። ከወጣትነቷ በለጠች።

ኮንደንሰሩንም አትርሱ፤ ከተርባይኑ የወጣውን እንፋሎት በባሕር ውኃ አቀዝቅዞ መልሶ ውኃ የሚያደርገው እሱ ነው። ተርባይን (በእንፋሎት የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ሞተር) የሚጠቀመው ከግፊቱ ብቻ ሳይሆን በመውጫው በኩል ካለው ቫኩዩም ነው፤ የባሕሩ ውኃ ሲሞቅ ቫኩዩሙ ይዳከማል። አንዲት ቱቦ ብታፈስ ደግሞ ጨው ወደ ቦይለር ውኃ ይገባል፦ ቅርፊት ይይዛል፣ ውኃው ይፈላና አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ተርባይን ይሻገራል፣ ክንፎቹን ይጎዳል። የዚያን ጊዜ ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ንዝረት ሌላው ጠላት ነው። «ኖርማንዲ» በ1935 በ29.98 ኖት ክብሩን ስትወስድ የኋላ ክፍሏ ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለ 3 ክንፍ ፕሮፔለሮቿ በባለ 4 ክንፍ ተተኩ። ምክንያቱን ለተማሪዎች እንዲህ አሳዩ፦ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 200 ዙር ቢዞር ባለ 3 ክንፉ የመርከቧን ሆድ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታል፣ ባለ 4 ክንፉ 13.3 ጊዜ። እያንዳንዱ ምት ይቀንሳል፣ ድግግሞሹም ከብረቱ የራሱ ንዝረት ይርቃል።

ቱሉ ዲምቱ ፊዚክስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፤ 35.59 እና 34.51 ወጣ። ልዩነቱን ለሁለት ብናካፍለው 0.54 ይመጣል። የባሕሩ የውኃ ፍሰት ፍጥነት ነው ብለን እንጻፍ? ተማሪዎቹ «ታይታኒክ ለምን የለችም?» ይላሉ። በአነስተኛ ሞዴል ማሳየትስ ይቻላል? ከፍታችን ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኑ ያበላሻል?

አያት አደባባይ፦
0.54ን የውኃው ፍሰት ፍጥነት አትበሉት። ነፋሱ፣ ማዕበሉና ሞተሩ የሚሠራበት ጉልበት በሁለቱ ጉዞዎች እኩል አልነበሩም።

«ታይታኒክ» ለፍጥነት አልተሠራችም። 269 ሜትር ነበረች፣ ከ241 ሜትሯ «ሞሬታኒያ» ትረዝማለች፤ ግን የተመዘገበው ጉልበቷ 46,000 ሲሆን የሌላዋ ወደ 70,000 ነበር። የዛሬዋ «ክዊን ሜሪ 2»ም 30 ኖት ገደማ መሄድ እየቻለች መንገዱን በአብዛኛው በ7 ሌሊት ታደርገዋለች። ከ1958 ጀምሮ ጄት አለ፤ ለችኮላ ነዳጅ የሚያቃጥል የለም።

ኩሽኔታ (ቃሊቲ)፦
ሞዴሉ ይቻላል፤ ከፍታው ለውኃ ማዕበል ምንም አይደለም። ሕጉ ይህ ነው፦ ርዝመቱ በስንት እንዳነሰ አይታችሁ ፍጥነቱን በዚያ ቁጥር ካሬ ሥር አሳንሱ። 302 ሜትሯን መርከብ 50 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉ 604 ጊዜ አነሰች፤ ካሬ ሥሩ 24.6 ነው። 35.59 ኖት በሰከንድ 18.3 ሜትር ስለሆነ ሞዴሏ በሰከንድ 74 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለባት። ያኔ ከፊቷ የሚነሳው ማዕበል የትልቋን ቅርጽ ይይዛል። ወርዷ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ወደ 200 ግራም ይሁን።

4 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ላስቲክ አንጥፉበት። የጣሪያ አሸንዳ አትጠቀሙ፤ ጠባብ ስለሆነ ማዕበሉ ከግድግዳው ተመልሶ መርከቧን ይይዛታል። መርከቧን የሚጎትተው ክር ከአፍንጫዋ በውኃው ደረጃ አግድም ይውጣ፣ በትንሽ ኩሽኔታ ይታጠፍ፣ ወደ አንደኛ ፎቅ መተላለፊያ ወጥቶ በሁለተኛ ኩሽኔታ ዞሮ ክብደት ይንጠልጠልበት። ክብደቱ ከ5 እስከ 30 ግራም ነው፤ ትንንሽ ዳዶዎችን መዝኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ኩሽኔታው ግሪስ ካለበት ግሪሱ ብቻ ያን ሁሉ ክብደት ይበላዋል። በጋዝ አጥባችሁ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ አድርጉበት።

የመጀመሪያው 2 ሜትር ለመፍጠኛ ነው፣ አይለካም። ቀጣዩን 1 ሜትር ብቻ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና ፍሬሞቹን ቁጠሩ፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ በ74 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ወደ 40 ፍሬም ይወጣል። ከዚያ የተንጠለጠለውን ክብደት 4 እጥፍ አድርጉ። ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ ከጨመረ የካሬውን ሕግ አገኛችሁ፤ ከእጥፍ ካነሰ ማዕበሉ ድርሻውን መውሰድ ጀምሯል፣ እሱን ለብቻው መዝግቡት። በሁለት ሙከራ መካከል ውኃው እስኪረጋ 3 ደቂቃ ጠብቁ።