የሞተ ሰው ይከሰሳል እንዴ? የኦሎፍ ፓልሜ ጉዳይ

የስቶክሆልሟ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እስቲ ዛሬ እንከራከር። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1986፣ አርብ ማታ፣ የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልሜ ጠባቂዎቹን አሰናብቶ ከባለቤቱ ከሊስቤት ጋር እንደማንኛውም ሰው በባቡር ሲኒማ ሄደ። ሲመለሱ በእግራቸው ነበሩ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከ21 ላይ ስቬያቬገን ጎዳና ላይ አንድ ሰውዬ ከኋላ ተጠግቶ ጀርባውን በጥይት መቶ ገደለው። ሁለተኛዋ ጥይት ሊስቤትን ጫር አድርጋ አለፈች። ሰውየው በጎን ባለው ደረጃ ሮጦ ወጣ፣ በዛው ጠፋ። መሣሪያውም እስከዛሬ የለም።

ከ34 ዓመት በኋላ፣ ጁን 2020፣ ዐቃቤ ሕጉ ጋዜጠኞች ሰብስቦ የአንድ ሰው ስም ጠራ። ሰውየው በ2000 ስለሞተ መክሰስ አይቻልም፣ መዝገቡ ተዘግቷል አለ። ስሙን እኔ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። እዚህ የስካንዲያው ሰውዬ ይሉታል። ስካንዲያ በሚባል ኢንሹራንስ ውስጥ ግራፊክስ ይሠራ ነበር፤ ቢሮው ከግድያው ቦታ አፍንጫ ሥር ነው። ትክክል ነው ወይ? በኔ እይታ ዓይን ያወጣ ሙት ወቃሽነት ነው።

ጠበቃው፦ አልስማማም። ሕዝብ 34 ዓመት ሲጠይቅ ኖሮ ዝም ብሎ መዝጋት ነው የሚሻለው? ሰውየው እኮ ከሰማይ አልወረደም። ያን ማታ አምሽቶ ከቢሮ የወጣው ከተኩሱ ጋር በደቂቃዎች ልዩነት ነው። ሚዲያ ላይ ቀርቦ የተመታውን ለመርዳት ሞክሬያለሁ ብሏል። ቦታው ላይ የነበሩት ምስክሮች ግን አያስታውሱትም። ይሄ አያስጠረጥርም?

የስቶክሆልሟ፦ ያስጠረጥራል። ጥርጣሬ ግን ፍርድ አይደለም። በሕይወት ቢኖር ጠበቃ ያቆም ነበር፣ ምናልባት አንተን 😄

ጋሽ ትራንዚስተር፦ ልጆች፣ ያኔ እኔ ወጣት ነበርኩ። በኛ የካቲት 21 ቀን 1978 መሆኑ ነው። በማግስቱ፣ በአድዋ በዓል ዋዜማ፣ ሬዲዮ ላይ ጆሯችንን ደግነን ስንሰማ ከመገደሉ ይልቅ የገረመን ያለ ጠባቂ ሲኒማ መሄዱ ነበር። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስባል! ደግሞ ባገራችን ድሮ ገዳይ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይባል ነበር። ያገሬው ሰው ተሰብስቦ የሚያውቀውን ያወጣል። የተጠቆመበትም ቆሞ ይመልሳል። መቃብር ላይ ተጠቆመ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

የጎተበርጉ፦ እናንተ የያዛችሁት ጭራውን ነው። ዋናው ቅሌት ፖሊሱና ሹማምንቱ ጋ ነው ያለው። ቦታውን ያጠሩት በጠባቡ ነበር፣ ሰው መጥቶ ደሙ አጠገብ ይቆም ነበር። ሁለቱን ጥይቶች ማን አገኛቸው? መንገደኛ! ምርመራውን የስቶክሆልም ፖሊስ አዛዥ ሃንስ ሆልሜር ራሱ ያዘውና ገዳዩ ፒኬኬ ነው፣ ማለት ከቱርክ መንግሥት ጋር ይዋጋ የነበረው የኩርዶች ታጣቂ ድርጅት ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። በ1987 መጀመሪያ ኩርዶችን አፈሰ፣ ወዲያው ተለቀቁ፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ሥራውን ለቀቀ።

የባሰው በ1988 መጣ። ኤቤ ካርልሰን የሚባል መጽሐፍ አሳታሚ፣ ልብ በሉ፣ ፖሊስ አይደለም፣ ያንኑ የኩርድ ወሬ በግሉ ሲያሳድድ የፍትሕ ሚኒስትሯ አና-ግሬታ ሌዮን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈችለት። ከዛ ሕገወጥ የድምፅ መጥለፊያ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ጉምሩክ ላይ ተያዘ። ነገሩ ፈነዳ፣ ሚኒስትሯ ወረደች፣ ባለሥልጣናቱ ፓርላማ ቀርበው ሲጠየቁ አገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ቁጭ ብሎ አየ። ለዚህስ ማን ታሰረ ብላችሁ ጠይቁ እንጂ!

የስቶክሆልሟ፦ የኩርዶቹ ነገር ነው እኔን የሚቆረቁረኝ። ሥራ ቦታ አንዲት ኩርድ ጓደኛ አለችኝ። አባቷ ያን ሰሞን ከየት ነህ ሲሉት ቱርክ ነኝ ይል ነበር። ኩርድ ሆኖ ቱርክ ነኝ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። እኛም እዚህ ስደተኛ ነን፣ ጣት ሲቀሰር መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚዞር እናውቀዋለን።

አሁን ደግሞ ክሪስተር ፔተርሰንን እዩ። (ዐቃቤ ሕጉም ስሙ ክሪስተር ፔተርሰን ነው፣ ሌላ ሰው ነው፣ ቀልድ አይደለም።) በ1989 በግድያው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው በዚያው ዓመት ለቀቀው። መሣሪያ የለ፣ ምክንያት የለ። ሊስቤት በቪዲዮ ሰዎች ተደርድረው ሲያሳዩዋት ለይታዋለች፤ ግን ቀድሞ ተጠርጣሪው ጠጪ ነው ተብሎ ተነግሯታል። ከተደረደሩት ውስጥ ጠጪው ማን እንደሆነ ደግሞ ዓይን ላለው ያስታውቃል። እና ፔተርሰን በሕይወት ስለነበረ ተከራክሮ ወጣ። የስካንዲያው ሰውዬ ይግባኙን ለማን ይበል?

ቡና ጠጪ፦ ይቅርታ፣ መሃል ልግባና፣ በ2025 መጨረሻ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በሰውየው ላይ ያለው ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎ የለም እንዴ? ምርመራውን ግን አንከፍትም ብለዋል።

ጠበቃው፦ ብለዋል። እሺ፣ ስሙ ላይ ተረታሁ። ያን ቀን ስም ሳይጠራ "ገዳዩን አላገኘንም" ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። መዝጋቱ ላይ ግን አልረታም። ሊስቤት በ2018 አርፋለች። ምስክሩ አርጅቷል። ወረቀቱ ብቻ 250 ሜትር መደርደሪያ ይዟል። እስከ መቼ?

የጎተበርጉ፦ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር እያልክ ነው?

ጠበቃው፦ ኧረ አትጣለኝ! ማስረጃ ከመጣ ይከፈት ነው የምለው። በግምት ግን አይደለም።

የስቶክሆልሟ፦ በዚህ እንስማማለን። ያን ቀን ያደረጉት ግን አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው። ፖሊሳችን ገና በመጀመሪያዋ ሌሊት አበላሸው ማለት ከበዳቸው፣ መልስ የማይሰጥ ሰው ፈለጉ። እኔ በዛ መንገድ ወደ ሥራ ሳልፍ አስፋልቱ ዳር ላይ ያለችውን ትንሽ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሰው ሳያያት ረግጧት ሲያልፍ አያለሁ። እሷ ላይ ያለው ስም የሟቹ ብቻ ነው፣ ልክም ነው።

ጋሽ ትራንዚስተር፦ ሁሉንም አነበብኩ። ታዲያ ማን ገደለው?

የጎተበርጉ፦ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ብለው የተናዘዙ ከ130 በላይ ሰዎች አሉ። የፈለጉትን ይምረጡ።