ሦስት ውድድር ያሸነፈው መኪና ቀርቶ አንድ ያሸነፈው ለምን ሻምፒዮን ሆነ? የ2023 የኢምሳ የውድድር ዘመን

ጠያቂ፦ የሌሊት ተመልካች

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የተካሄዱትን የኢምሳ (የሰሜን አሜሪካ የስፖርት መኪና ሻምፒዮና) ውድድሮች በሙሉ ከዴይቶና እስከ ሮድ አትላንታ ድረስ በቅደም ተከተል ተመልክቼ ጨርሻለሁ። ይህን ስፖርት መከታተል የጀመርኩት በቅርቡ ስለሆነ ጥያቄዬ ለነባሮቹ ቀላል ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ራሴ ፈልጌ ያገኘሁት መልስ አላረካኝም።

ከፍተኛው ምድብ፣ ማለትም ጂቲፒ፣ በዚያ ዓመት ዘጠኝ ውድድሮች ነበሩት። ከዘጠኙ ሦስቱን ያሸነፈው የማየር ሻንክ ቡድን ባለ 60 ቁጥሩ አኩራ ነው፤ እነዚህም የዴይቶናው የ24 ሰዓት ውድድር፣ በካናዳ የሞስፖርቱ፣ በመጨረሻም በሮድ አትላንታ የሚካሄደው የ10 ሰዓቱ ፔቲ ለማን ናቸው። ሁለት ያሸነፈው ባለ 6 ቁጥሩ ፖርሼ ነው። ሻምፒዮን የሆኑት ግን የባለ 31 ቁጥሩ ካዲላክ አሽከርካሪዎች ፒፖ ዴራኒና አሌክሳንደር ሲምስ ናቸው፤ መኪናቸውም ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው፤ እሱም የሲብሪንጉ የ12 ሰዓት። ሌላው የገረመኝ እሱም አንድ ውድድር ብቻ ያሸነፈው ባለ 10 ቁጥሩ አኩራ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ለዋንጫው ሲፎካከር መቆየቱ ነው።

በ60 ቁጥሩ ላይ የ200 ነጥብ ቅጣት እንደተጣለ አንብቤያለሁ። ይህ ቅጣት ብቻውን ሁሉንም ነገር ያስረዳል ወይስ ከነጥብ አሰጣጡ ጋር የተያያዘ ሌላ ምክንያት አለ? ደግሞስ አንድ ቡድን ሕግ መጣሱ ተረጋግጦ ድሉ ያልተነጠቀው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦ አምስተኛ ማርሽ

ጥያቄዎ ቀላል አይደለም፤ በጊዜውም ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ነጥቡን እንመልከት፤ ምክንያቱም የዓመቱ ታሪክ በሙሉ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኢምሳ አንደኛ የወጣ 350፣ ሁለተኛ 320፣ ሦስተኛ 300፣ አራተኛ 280፣ አምስተኛ 260 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየደረጃው የሚቀነሰው 10 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ስድስተኛው 250፣ ዘጠነኛው ደግሞ 220 ያገኛል። ከመነሻ ቦታ ማጣሪያውም ነጥብ አለ፤ ፈጣኑ 35 ይወስዳል። ልብ ይበሉ፤ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው ልዩነት 30 ነጥብ ነው፤ ከሁለተኛ ወደ ዘጠነኛ መውረድ ግን 100 ነጥብ ያሳጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ሆኖ እየሄደ ለድል ሲል መኪናውን ግድግዳ ላይ የሚጥል አሽከርካሪ 30 ለማግኘት 100 እያስያዘ ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ጊዜ አሸንፎ በቀሩት ውድድሮች የሚንኮታኮት መኪና፣ ዘወትር ሦስተኛና አራተኛ እየሆነ በሰላም ከሚገባ መኪና ጋር ተቀራራቢ ነጥብ ይዞ ሊጨርስ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንሂድ። በጥር ወር በዴይቶና ቶም ብሎምክቪስት፣ ኮሊን ብራውን፣ ኤሊዮ ካስትሮኔቬስና ሲሞን ፓዥኖ ያሽከረከሩት 60 ቁጥር ከመጀመሪያው ቦታ ተነስቶ አሸነፈ። በመጋቢት ግን ቡድኑ ወደ ኢምሳ የሚተላለፈውን የጎማ ግፊት መረጃ ነካክቶ፣ ግፊቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ እንዲታይ ማድረጉ ይፋ ሆነ። ነገሩን ከመረጃው ላይ አይቶ ለኢምሳ ያሳወቀው ደግሞ ሌላ ተፎካካሪ ሳይሆን የሞተሩ ሠሪ የሆነው የራሱ የሆንዳ የእሽቅድምድም ክፍል መሆኑ፣ ለእኔ እስከ ዛሬ ከታሪኩ ሁሉ አስደናቂው ክፍል ነው። ቅጣቱ 200 ነጥብ፣ 50,000 ዶላርና የሽልማቱን ገንዘብ ማጣት ነበር፤ ዋንጫውና ለአሸናፊዎቹ የተሰጡት የእጅ ሰዓቶች ግን አልተወሰዱም።

እንግዲህ ቁጥሮቹን ያስተያዩአቸው። አሸናፊው ለድሉ 350፣ ለመነሻው 35፣ በድምሩ 385 ነጥብ አግኝቶ ነበር፤ 200 ሲቀነስ 185 ይቀራል። በዴይቶና የተሰለፉት የጂቲፒ መኪኖች ዘጠኝ ስለነበሩ የመጨረሻው መኪና እንኳ ከውድድሩ ብቻ 220 ነጥብ ይዞ ወጥቷል። በሻምፒዮናው መዝገብ ላይ የዴይቶና አሸናፊ ማለት ከምድቡ የመጨረሻ ያነሰ ነጥብ ይዞ የሄደ ቡድን ነው። «ድሉ አልተነጠቀም» የሚባለው በወረቀት ላይ ነው።

መልስ 2፦ ጎማና አስፋልት

በአምስተኛ ማርሽ ስሌት ላይ ምንም የምጨምረው የለኝም፤ በመደምደሚያው ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የነጥብ ቅጣቱ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የ24 ሰዓት ውድድር አሸናፊ ስም በታሪክ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ለዘላለም ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የዴይቶናን አሸናፊዎች ዝርዝር የሚያነብ ሰው የነጥብ ሰንጠረዥ አይፈልግም። በእኔ እምነት ድሉ መነጠቅ ነበረበት።

የጎማ ግፊት ጉዳይ ለምን ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ ለጠያቂው ላብራራ። ሁሉም ቡድኖች የሚጠቀሙት ከሚሽለን የሚቀርብላቸውን ጎማ ሲሆን ዝቅተኛው የግፊት ልክም የተወሰነ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ጎማው አስፋልቱን በሰፊው ይይዛል፤ በተለይ በኢምሳ ጎማን አስቀድሞ በብርድ ልብስ ማሞቅ ስለማይፈቀድ መኪናው ከፒት (ነዳጅ ከሚሞላበትና ጎማ ከሚቀየርበት ማቆሚያ) ሲወጣ ጎማው ቀዝቃዛ ነው፤ በእነዚያ የመጀመሪያ ዙሮች ትንሽ ግፊት መቀነስ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። በሌላ በኩል ግፊቱ ከልክ በታች የሆነ ጎማ ጎኑ እየታጠፈና ከውስጥ እየጋለ ሊፈነዳ ይችላል። ዴይቶና ደግሞ መኪኖቹ ከፍ ብሎ በተዘነበለው የክብ ሜዳ ክፍል ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚሄዱበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ጎማ ቢፈነዳ አደጋው የሚተርፈው ለአጠገቡ መኪናም ጭምር ነው። ዝቅተኛው ልክ የተቀመጠው ለደህንነት እንጂ ለፉክክር ማጣፈጫ አይደለም።

ይህን ከዋትኪንስ ግሌን ጋር አነጻጽሩት። በሰኔ በተካሄደው የስድስት ሰዓት ውድድር መጨረሻውን ቀድሞ ያለፈው የፖርሼ ፔንስኬ ቡድን ባለ 6 ቁጥር ነበር። ከውድድሩ በኋላ በተደረገው ምርመራ ግን በመኪናው ሆድ ሥር የሚታሰረው ሰሌዳ ከተፈቀደው ውፍረት በታች ተፍቆ ተገኘ። ይህ ሰሌዳ የሚታሰረው መኪናው ከመጠን በላይ ወደ መሬት እንዳይወርድ ነው፤ ዝቅ ያለ መኪና አየሩ ወደ መሬት አጥብቆ ስለሚጫነው በመታጠፊያ ላይ ይፈጥናል። መኪናው ወዲያውኑ ከድሉ ተሰርዞ ወደ ምድቡ መጨረሻ ተወረወረ፤ ድሉም ለኮነር ዴ ፊሊፒና ለኒክ የሎሊ ባለ 25 ቁጥር ቢኤምደብሊው ተሰጠ። ለአዲሱ ቢኤምደብሊው የመጀመሪያው የጂቲፒ ድል የተገኘው ከመድረክ ሳይሆን ከመመርመሪያ ክፍል መሆኑ ያሳዝናል። እንግዲህ የተፈቀ ሰሌዳ፣ ምናልባትም ሳይታሰብ የሆነ ነገር፣ ድል ካስነጠቀ፣ ሆን ተብሎ የተቀየረ መረጃ ድሉን እንዴት ይዞ ይቆያል? ልዩነቱ አንዱ የተገኘው በዕለቱ ምርመራ፣ ሌላው ውጤቱ ከጸደቀ ከሳምንታት በኋላ መሆኑ ነው የሚለው መልስ ይገባኛል፤ አያሳምነኝም እንጂ።

ጠያቂ፦ የሌሊት ተመልካች

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዴይቶናውን አሸናፊ ከመጨረሻው መኪና ጋር ያነጻጸረው ስሌት ነገሩን በአንድ ጊዜ ግልጽ አድርጎልኛል። ሆኖም የ10 ቁጥሩ ነገር አሁንም አልተፈታልኝም። አንድ ብቻ አሸንፎ እስከ መጨረሻው የደረሰው በዚሁ የነጥብ አሰጣጥ ምክንያት ከሆነ፣ ያ አሰጣጥ ራሱ ሻምፒዮን ሳያደርገው የቀረውስ ለምንድን ነው?

መልስ 3፦ ሰባተኛው ኩርባ

የ10 ቁጥሩን ዓመት በሦስት ቀናት ማጠቃለል ይቻላል፤ ሦስቱም የሚያበቁት በግጭት ነው።

የመጀመሪያው ሲብሪንግ ነው። ውድድሩ ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቀረው ከፊት የነበሩት ሦስት መኪኖች፣ ማለትም 10 ቁጥሩና ሁለቱ የፔንስኬ ፖርሼዎች፣ አብረው በሚወዳደሩ የዝግተኛ ምድብ መኪኖች መካከል ሲሽሎከሎኩ እርስ በርስ ተጋጩና ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከፉክክሩ ወጡ። ከኋላቸው የነበረው 31 ቁጥር አለፋቸው፤ ዴራኒ፣ ሲምስና ጃክ ኤይትከንም የ12 ሰዓቱን ውድድር አሸነፉ። ዕድል ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሲብሪንግን ለሚያውቅ ሰው እንዲህ አይመስለኝም፤ ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ የነበረ፣ እስከ ዛሬ የድሮው ኮንክሪት መኪናን የሚያንገጫግጭበት ሜዳ ነው፤ እዚያ 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይሰበር ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት መድረስ ራሱ ሥራ ነው። ዴራኒ ሲብሪንግን ሲያሸንፍ ያ አራተኛው መሆኑንም አንርሳ።

ሁለተኛው ሎንግ ቢች ነው። ይህ በከተማ ጎዳና ላይ የሚካሄድ የ100 ደቂቃ ውድድር ስለሆነ ማለፊያ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ፔንስኬ 6 ቁጥሩን ፒት ባስገባ ጊዜ ጎማ ሳይቀይር ነዳጅ ብቻ ሞልቶ አስወጣው፤ ማትዩ ዣሚኔም በአረጀ ጎማ ከፊት ሆኖ ቀረ። የ10 ቁጥሩ ሪኪ ቴይለር በአዲስ ጎማ እየተጠጋው መጣ፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች በመጀመሪያው መታጠፊያ ሊያልፈው ሲሞክር ማቆም አቃተውና አጥሩ ውስጥ ገባ። አምስተኛ ማርሽ ያስቀመጠው ስሌት በዓይን የታየው ያን ዕለት ነው። ቴይለር ሁለተኛነቱን ይዞ ቢገባ ኖሮ 320 ነጥብ በእጁ ነበር፤ ሊጨምር የሞከረው 30 ነው።

ሦስተኛው ሮድ አትላንታ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ፍርዴ የተለየ ነው። 10 እና 31 ቁጥሮች በጥቂት ነጥብ ተለያይተው ስለመጡ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚገባው ዋንጫውን ከሌላው እጅ እንደሚያስጥል ሁለቱም ያውቁ ነበር። የ10 ቁጥሩ ፊሊፔ አልቡኬርኬ በመጀመሪያው መታጠፊያ፣ በውጭው በኩል፣ ዴራኒን ሊያልፍ ሞከረ፤ መኪኖቹ ተነካኩ፤ 10 ቁጥሩ ከመንገድ ወጥቶ ከመከላከያው ጋር ተላተመ። በዚያ ፍጥነት በውጭ በኩል ለማለፍ መሞከር ድፍረት ነው የሚሉ አሉ፤ ዴራኒ ቦታ ነፈገው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ አልቡኬርኬን አልወቅሰውም፤ በሎንግ ቢች ሁለተኛነት ዋጋ ነበረው፤ በአትላንታ ግን ከዴራኒ ኋላ መግባት ምንም አይጠቅመውም ነበር። የሚወቀስ ካለ የሚያዝያው ሎንግ ቢች ነው፤ እዚያ የተጣለው ነጥብ በእጅ ቢኖር ኖሮ በጥቅምት በውጭ በኩል መግባት ባላስፈለገ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂቲፒ በዚያ ዓመት አዲስ ምድብ ነበር፤ ስሙ ከ1981 እስከ 1993 ከነበረው ዝነኛ ምድብ የተወረሰ ይሁን እንጂ መኪኖቹ ሁሉ የመጀመሪያ ዓመታቸው ነበር። የሃይብሪዱ የኤሌክትሪክ ሞተር ከቦሽ፣ የማርሽ ሳጥኑ ከኤክስትራክ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ሲቀርብ፣ የነዳጅ ሞተሩ ግን የየፋብሪካው ነው፤ አኩራ 2.4 ሊትር ቪ6 በሁለት ቱርቦ፣ ፖርሼ 4.6 ሊትር ቪ8 በሁለት ቱርቦ፣ ካዲላክ ደግሞ ቱርቦ የሌለው 5.5 ሊትር ቪ8። የካዲላኩን ድምፅ ለመስማት ብቻ ውድድር የሚያይ ሰው ብኖር አትፍረዱብኝ። ኃይላቸው በሕግ ተቀራራቢ እንዲሆን ስለሚደረግ አንዱ ሌላውን በፍጥነት ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ማለፍ የሚቻለው ተጠግቶ፣ ተጋፍቶ፣ በዝግተኞቹ መኪኖች መካከል ክፍተት ፈልጎ ነው። ግጭቶቹም የመጡት ከዚያው ነው።

መልስ 4፦ አምስተኛ ማርሽ

ጎማና አስፋልት ስለ ታሪክ መዝገቡ ያነሳው ነጥብ ትክክል ነው፤ «በወረቀት ላይ ነው» ያልኩትን አለዝባለሁ። ሰባተኛው ኩርባ ያለውንም እቀበላለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ላሟላው። 31 ቁጥሩን ዝም ብሎ ሌሎች ሲወድቁ የለቀመ አድርጎ ማየት ለቡድኑ ያንሰዋል። ካዲላክ በዚያ ዓመት የፋብሪካዎችንም ዋንጫ ወስዷል፤ ለዚህ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች የሚያሰልፏቸው መኪኖች በየውድድሩ ከፊት መገኘት ነበረባቸው። በአትላንታም ቢሆን ዴራኒ ከግጭቱ በኋላ መኪናውን መልሶ እስከ መጨረሻው ማድረስ ነበረበት፤ አድርሷልም።

ጠያቂው የ2024ን ውድድሮች ለማየት ካሰቡ ሁለት ለውጦች እንዳያደናግሩዎት። ሲምስ ወደ ኮርቬት ስለተዛወረ በ31 ቁጥሩ ላይ ከዴራኒ ጋር ዓመቱን ሙሉ የሚያዩት ኤይትከንን ነው። 60 ቁጥሩን አኩራ ደግሞ ቢፈልጉም አያገኙትም፤ ማየር ሻንክ ያን ዓመት በጂቲፒ አልተሰለፈም፤ የተመለሰው በ2025 ነው።