የኃይሌ ገሪማ ፕሮዲውሰርነት፦ 14 ዓመት እንዴት ተቻለ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤቶች። የመጀመሪያ ፊልሜን ፕሮዲውስ እያደረግኩ ነው። ግማሹን እንደቀረጽን ብር አለቀ። ቃል የገባልን ሰው ሐሳቡን ቀየረ። ይኸው ስምንት ወር ሆነን። ዋናው ተዋናይ ጸጉሩን ተቆርጧል፣ ስልኬንም አያነሳም። ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለውን ፊልማቸውን ለመሥራት 14 ዓመት ፈጀባቸው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ ፊልሙ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳይሞት ቆየ?

መልስ 1፦
እውነት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ (ቡርኪና ፋሶ) ላይ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ዋና ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ። በርታ ወንድሜ።

መልስ 2፦
የጸጉሩ ነገር አንጀቴን በላኝ። እኔ ፕሮዳክሽን ማናጀር ነኝ። አንድ ፊልማችን እንዲሁ ቆሞ ተዋናይዋ አረገዘች። ከወገብ በላይ ብቻ እየቀረጽን ጨረስነው።

«ጤዛ»ም ቆሟል። የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ የጀርመኑ ክፍል ገንዘብ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ጠበቀ። ግን ላንተ የሚጠቅምህ ከዚያ በፊት የሠሩት የ«ሳንኮፋ» ፊልም ታሪክ ይመስለኛል።

ጋሽ ኃይሌ የጎንደር ልጅ ናቸው። አባታቸው ተውኔት እየጻፉ፣ በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጅየውም አብረው ይተውኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሄዱ። ቺካጎ ቴአትር፣ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ። ከዚያ ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት እዚያው አስተማሩ። ይቺን ልብ በልልኝ። ደሞዝ ነበራቸው። ፊልሙ እንዲያበላቸው አይጠብቁም ነበር።

«ሳንኮፋ» ስለ ባርነትና ስለ ዐመፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ጠፋ። ምን አደረጉ? ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ። ያየው ላላየው ነገረ፣ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ሰው ይዘው መጡ። ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ደግሞ ሌላ። ያ የአባታቸው ዙረት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። ከሃዋርድ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለው የመጽሐፍና የፊልም ቤታቸውም ስሙ «ሳንኮፋ» ነው።

ፊልሙን ለማንም አልሸጡትም። ስለዚህ በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ የራሳቸው ነበር። አንተም አሁን ጭንቅ ላይ ስለሆንክ አንድ ሰው «ቀሪውን ልሸፍን፣ ፊልሙ ግን የኔ ይሁን» ይልህ ይሆናል። እባክህ አትፈርም። ድርሻ ስጥ፣ ሙሉውን አትስጥ።

ሌላው፣ የቀረጽከውን ዛሬውኑ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥና ሁለት ቤት አስቀምጥ። አስር ደቂቃ የሚሆነውን አሳምረህ ቁረጥ። ገንዘብ ያለው ሰው ወሬ አይሰማም፣ ምስል ግን ያያል። ተዋናዩን በስልክ አትለምነው። ቤቱ ሂድ፣ አሳየው።

መልስ 3፦
ግሩም ነው፣ ግን ሺሪኪያና አይናን ረሳችኋት። ባለቤታቸው ናት፣ ራሷም ፊልም ሠሪ። «ሳንኮፋ»ን አብራ ፕሮዲውስ አድርጋለች፣ ሲከፋፈልም አብራ ለፍታለች። አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ አይዘልቅም። ጠያቂ፣ አንተ ጋ ሁለተኛው ሰው ማነው?

ጠያቂ፦
ሁለተኛ ሰው የለኝም። እውነቱን ለመናገር ደብተሩም፣ ሒሳቡም፣ ስልኩም እኔ ጋ ብቻ ነው። ኤዲተሯ ግን ሁለቴ «ላግዝህ» ብላኝ ነበር። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። ከአስሩ ደቂቃ እንጀምራለን። መልስ 2፣ እሑድ ተዋናዩ ቤት እሄዳለሁ። ያለውን መጥቼ እነግራችኋለሁ።

መልስ 2፦
የጸጉሩን ነገር አታንሳበት። ባርኔጣ ይዘህለት ሂድ።