ቡናና ጌሾዬን በበልግ ልትከል ወይስ ክረምቱን ልጠብቅ?

በደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ በምትገኝ አንድ ጥማድ በማትሞላ ማሳ ላይ፣ በዋንዛና በወይራ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ የማለማ ገበሬ ነኝ፤ የበልጉ ዝናብ ሳይገባ የምወስነው ነገር ስላስጨነቀኝ ልምድ ያላችሁን ምክር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ያምናው በልግ በየካቲት በደንብ ጥሎ ተስፋ ስለሰጠኝ ከ200 በላይ ችግኝ ተከልሁ፤ መጋቢት ላይ ዝናቡ ድንገት ሲቋረጥ ግን፣ በተለይ ከማሳዬ አጠገብ ካለው የባሕር ዛፍ ረድፍ በኩል ያሉት፣ ልጆቼ ከምንጭ በጀሪካን ውኃ እያመላለሱላቸው እንኳ ደረቁብኝ። ዘንድሮ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያላቸውን ጉድጓዶች ቀድሜ ቆፍሬ፣ የላዩን አፈር ከብስባሽ ጋር ደባልቄ መልሻለሁ። ታዲያ ችግኙን በበልግ ተክዬ ጉዝጓዝ ላልብሰው ወይስ እስከ ሐምሌ በችግኝ መደብ ላይ ላቆየው? ብዙ ቢቆይ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንዳይጠማዘዝ እፈራለሁ።

አባቴ የተከሏቸው ያረጁ ቡናዎችም አሉ። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በሰያፍ መጎንደል (አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ ግንዳቸው መቆረጥ) እንዳለባቸው ተረድቻለሁ፤ ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብጎነድል አዲሱ ቅርንጫፍ ፍሬ እስኪይዝ ድረስ የቤተሰቤ ገቢ ይቋረጣል። በየዓመቱ ምን ያህሉን ብጎነድል ይሻላል? ከባሕር ዛፉስ ስንት ሜትር ልራቅ፣ ወይስ በመካከሉ ቦይ ቆፍሬ ሥሩን ልቁረጥ?