የ76 ዓመት እናት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የታመመ ጉልበት፦ ትረፍ ወይስ ትንቀሳቀስ?

የፎቅ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ 60 ኪሎ ገደማ። ቀኝ ጉልበቷ ራጅ ተነስቶ መገጣጠሚያው ሳስቷል፣ ለኦፕራሲዮን የሚያደርስ ግን አይደለም ተብሏል። የምንኖረው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካመማት ወዲህ ለእሁድ ቅዳሴ ካልሆነ አትወርድም። ጎረቤቱ ሁሉ «እረፊ፣ ያለሽን ጉልበት አትጨርሺው» ይላታል።

ማረፍ ነው መንቀሳቀስ የሚበጃት? የአባቴ ከዘራ አለ፤ በየትኛው እጇ ትያዘው፣ ቁመቱስ ምን ያህል ይሁን? ወንድሜ ደግሞ ከውጭ ባለ አራት ጎማ ዎከር (በሁለት እጅ ይዘው እየገፉ የሚራመዱበት መደገፊያ) ልላክ እያለ ነው። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ሁዳዴም ትጾማለች።

ፊዚዮው

ጎረቤቶቹ ለእናትህ አዝነው ነው፣ ምክሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን የፊት ጡንቻ ነው። ሰው ካረፈ ጡንቻው ይከሳል፣ ጡንቻው ሲከሳ ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፣ ያማል፤ ሲያም ደግሞ የበለጠ ይታረፋል።

መጀመሪያ ለካ። መቀመጫው ከወለል 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወንበር ግድግዳ አስደግፍ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ቀጥ ብለው ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠር። ከ75 እስከ 79 ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ከ10 በታች ከሆነ እግሩ ደክሟል፣ መውደቅም ያሰጋል። ለመነሳት በእጃቸው ከተደገፉ ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል።

ልምምዱም ራሱ መነሳትና መቀመጥ ነው። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይጠጉ፣ እግራቸውን በዳሌ ስፋት ከፍተው ተረከዛቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪመጣ ወደፊት አዘንብለው ይነሱ። ሲቀመጡ እስከ አራት እየቆጠሩ በዝግታ። የሚዘነጋው ይሄ ነው፤ ጡንቻውን በደንብ የሚያሠራው ግን በዝግታ መውረዱ ነው። አምስት ጊዜ፣ ትንሽ አረፍ፣ እንደገና አምስት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። ቀላል ሲሆንላቸው አንድ አንድ እየጨመራችሁ አሥር አድርሱት። ጨርሶ ካቃታቸው መቀመጫው ላይ ጋቢ አጥፋችሁ ከፍ አድርጉት፣ ሲበረቱ ጋቢውን ታነሱታላችሁ።

ሦስት ነገር ተከታተል፦ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ፣ እግራቸው ወደፊት ርቆ እንዳይቀር (የማይነሱት አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው)፣ ትንፋሻቸውን አፍነው እንዳይነሱ፤ ግፊት ይሰቅላል። ሕመሙ ከአሥር ሦስት ወይም አራት ያህል ቢሆንና በማግስቱ ወደ ነበረበት ቢመለስ ችግር የለውም፣ ቀጥሉ። ካበጠ ወይም ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱት። ጉልበቱ ቀልቶ ከጋለ፣ ወይም አንዱ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ግን ሐኪም ሳያይ አይነካ።

ባለ ከዘራ

የከዘራውን ለእኔ ተዉልኝ። ቀኝ ጉልበት ታሞ በቀኝ እጅ መያዝ በየመንገዱ የሚታይ ስህተት ነው። በግራ ይያዙት። ስንራመድ ቀኝ እግርና ግራ እጅ አብረው ነው የሚሄዱት፤ ከዘራው ከታመመው እግር ጋር እኩል መሬት ሲነካ ጫናውን ይካፈላል። በታመመው በኩል ሲያዝ ሰውነት ወደዚያው ይጋደላል።

ልኩን እንዲህ አውጣ። የሚወጡበትን ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀቅ አድርገው ይቁሙ። ከዘራውን ገልብጠህ መያዣውን ከጫማቸው ጎን መሬት አስነካ፣ የእጅ አንጓቸው መታጠፊያ ጋ ምልክት አድርግ። ከታች የምታስገባው ጎማ ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ያንን ቀንሰህ ቁረጥ። ለአባት የተሠራ ከዘራ ለእናት ሳይረዝም አይቀርም። ሲረዝም ትከሻ ይሰቅላል፣ ሲያጥር ያጎብጣል። ሲይዙት ክርናቸው ጥቂት እጥፍ ካለ ልኩ ነው።

ጫፉ ብረት ከሆነ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ጎማ ግዛ፣ ግን ሥሩ ቀለበት ቀለበት ያለው ይሁን፤ ለስላሳው የወንበር እግር ጎማ ውሃ ላይ ከብረቱ አይሻልም። ቀለበቶቹ ሲያልቁ ይቀየር። (መቋሚያን እንደ ከዘራ የሚይዙም አሉ። መቋሚያ ቆሞ ለማስቀደስ የተሠራ ነው፣ ለመራመጃ ይረዝማል።)

ደረጃ ላይ፦ ሲወጡ ደህናው ግራ እግር ይቅደም፣ ከዘራውና ቀኙ ይከተሉ። ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው ይቅደሙ። በአንድ እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይያዙ፤ ብረቱ በግራ ከሆነ ከዘራው ለዚያች መንገድ ወደ ቀኝ ቢዞር ግድ የለም፣ ከብረቱ የሚበልጥ ድጋፍ የለም። አንተ ሁልጊዜ ከታች ነህ፦ ሲወጡ ከኋላቸው፣ ሲወርዱ ከፊታቸው። መንገድ የማይዘጋ ከሆነ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ማረፊያ ወንበር አስቀምጥ።

ዎከሩን ለወንድምህ ተወው በለው። ደረጃ ላይ አይሠራም፣ ኮብልስቶን ላይ ትናንሽ ጎማዎቹ ይቀረቀራሉ። ለሜዳ ነው።

የጤና ጣቢያዋ

ግፊት መድኃኒት ያልከው ነገር እንዳይታለፍ። አምስት ደቂቃ አስተኝተህ ግፊታቸውን ለካ፣ አስቁመህ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ድገም። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን ጽፈህ ለሐኪማቸው ውሰድ፤ መድኃኒቱን ራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ ካደረጉ በኋላ ይቁሙ። መንገዱ ላይ መብራት ይኑር፣ ምንጣፉ ይነሳ። ሸበጥ የቤት ጫማ አይደለም፣ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን።

ምግብ፦ በእሳቸው ዕድሜ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ ለ60 ኪሎ ከ60 እስከ 72 ግራም በቀን ማለት ነው። የኩላሊት ችግር ካለ ግን ሐኪም ነው የሚወስነው። በጾም ይህን መሙላት ከባድ ነው፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ይሰጣል፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ግን ያን ያህል የለውም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ወፈር ተደርጎ፣ ከኦቾሎኒ ጋር። ባዶ ሆዳቸውን አይለማመዱ፣ ከተመገቡ በኋላ ቆየት ብለው ይሁን። ስለ ጾሙ ልክ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ።

የፎቅ ልጅ

ለካሁ፣ 6 ሆነ። ቁጭ ስትል ወንበሩ ላይ ዘፍ ነው የምትለው። ከዘራውም 7 ሳንቲ ሜትር ረዝሞ ተገኘ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ቡና የምታፈላው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ነው፣ ስግደትም አትተውም።

ፊዚዮው

ዘፍ የሚሉት በዝግታ የሚያወርደው ጡንቻ ስለደከመ ነው። በጋቢ ከፍ ካለው ጀምሩ። በርጩማው ለጊዜው ይቅር፣ ረከቦቱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይውጣና እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ስግደቱን ቆመው አንገታቸውንና ወገባቸውን ዝቅ በማድረግ ይችሉት እንደሆነ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ጨምሩበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ65 በላይ ላሉ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል። የወጥ ቤቱን ጠርዝ ይዘው እግር ገጥሞ መቆም፣ ቀጥሎ አንዱን እግር በግማሽ ማስቀደም፣ ከዚያ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ማድረግ፤ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ። እጃቸውን ቀስ በቀስ ይልቀቁ፣ ጠርዙ ግን ከአጠገባቸው አይራቅ።

ከወለል መነሳትንም አሁኑኑ አስተምራቸው። በጎን ዞረው፣ በክርን ተደግፈው፣ በአራት እግር ወደ ወንበር ይጠጉ። ሁለት እጅ መቀመጫው ላይ፣ ደህናውን ግራ እግር ወደፊት ረግጠው በእሱ ገፍተው ይነሱ። ጉልበታቸው ሥር ትራስ አድርግ። አንድ ቀን ቢወድቁ ግን ብብታቸውን ይዘህ እንዳትጎትት። ዳሌያቸው ካመመ፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ አታንቀሳቅሳቸው፣ ብርድ ልብስ አልብሰህ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ደውል።