ነገ ጠዋት «መልቀቂያ ፈርሚ» ብለውኛል፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ስፌት መስመር፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ከስፌት አንስተው ማቅለሚያ ክፍል አስገቡኝ፣ ያውም የሌሊት ፈረቃ። የቀለሙ ሽታ ገና በሩ ላይ ያቅለሸልሸኛል። የሚሰጡን ስስ የጨርቅ ማስክ ነው፣ ጓንቱም ተቀዶ ጣቴ በቀዳዳው ይወጣል። አልችልም ስለው ሱፐርቫይዘሩ «እርግዝና በሽታ አይደለም» አለኝ። ዛሬ ደግሞ ሰው ኃይል ቢሮ ጠርተው የተዘጋጀ ወረቀት ሰጡኝ። «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» ይላል፣ ቀኑ ባዶ ነው፣ የቀረው ፊርማዬ ብቻ። ነገ ፈርመሽ ካላመጣሽ የሠራሽበትንም አታገኚም አሉኝ። ልፈርም ወይስ ከነጭራሹ ልቅር?

የፈረቃ ልጅ፦ እንዳትፈርሚ!!!

ጋሽ ደንቡ፦ ሠራተኛው ሕጉን ቢያነብ ኖሮ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ማንም አያቀርብለትም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወጣ ቆየ እኮ። በድሮው፣ በ377/1996፣ የድኅረ ወሊድ ፈቃድ 60 ቀን ነበር። አሁን 90 ተከታታይ ቀን ሆኗል፣ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን ሳይነካ፣ ሁሉም ከደሞዝ ጋር። አባትም 3 ቀን አለው። እነዚህ መብቶች በማን ትግል እንደመጡ ወጣቱ ማወቅ አለበት፣ የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ በአገራችን

ማሚ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ነገ ጠዋት ነው ያለችው፤ ታሪኩን ለቅዳሜ ያቆዩልን።

ቀልድ አዋቂ፦ «እርግዝና በሽታ አይደለም» ያለው ሰውዬ እናቱ ፊት ይድገመው እስኪ። አይዞሽ እህቴ፣ አትፈርሚ።

ተከራካሪው፦ ቆይ፣ ሁላችሁም ቸኮላችሁ። ትዕዛዝ ሲበዛ ፋብሪካ ሰው ያዘዋውራል፣ ያ ብቻውን አድልዎ አይባልም። ሌሎቹም ሌሊት ይገቡ የለ? ደግሞ ነፍሰ ጡር መሆንሽን በጽሑፍ አሳውቀሻል ወይስ ለሱፐርቫይዘሩ በቃል ብቻ ነው የነገርሽው? ቋሚ ነሽ ወይስ ሙከራ ላይ?

ስፌት መስመር፦ ቋሚ ነኝ። በቃል ነው የነገርኩት፣ ሆዴ ግን ይታያል። የክትትል ካርድ አለኝ።

የማኅበር ጸሐፊ፦ እህቴ፣ በፋብሪካችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘን ስለምናውቅ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ወንድማችን ተከራካሪው ስለ ጽሑፉ ያነሳው ትክክል ነው፣ ስለ ዝውውሩ ግን ተሳስቷል። ሌሎቹ ሌሊት መግባታቸው ላንቺ መልስ አይሆንም። የዚሁ የ1156 አዋጅ አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም፣ የትርፍ ሰዓትም አትሠራም ይላል። ሥራው ላንቺ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩሽ ግዴታቸው ነው። እነሱ የገለበጡት ይህንን ነው፤ ከአደጋው ማውጣት ሲገባቸው ወደ አደጋው አስገቡሽ። የጓንቱና የማስኩም ነገር የአሠሪ ግዴታ ነው፣ አንቀጽ 92ን ተመልከቺ።

ስለዚህ ነገ በፍጹም እንዳትቀሪ። ከቀረሽ ያለ ፈቃድ ቀረች ብለው ራሳቸው የሌላቸውን ምክንያት ታቀብያቸዋለሽ። በቀን ገብተሽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጪ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ በሕግ አይፈቀድብኝም፣ ከኬሚካል ወደ ራቀ ሥራ መልሱኝ፣ ለመልቀቅም አልጠየቅሁም። ሁለት ኮፒ አድርጊና በአንዱ ላይ «ገቢ» አስደርጊ። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኪው፣ ደረሰኙን ያዢ። ከዚያ ጤና ጣቢያሽ ሄደሽ የሐኪም ማስረጃ አጽፊ። የሰጡሽን ባዶ ቀን ያለው ወረቀትም ፎቶ አንሺው፣ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የፈረቃ ልጅ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ እንዳትፈርሚ!

ማሚ፦ እኔ ፈርሜ ነው የወጣሁት፣ በሌላ ድርጅት። ኋላ ፍርድ ቤት ስሄድ «በፈቃድሽ ለቀቅሽ» የሚለው ወረቀት ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ተገድጄ ነው ብዬ ማስረዳት የኔ ዕዳ ሆነ፣ የሰማ ሰው ደግሞ አልነበረም። የኔ እህት፣ ለብቻሽ ቢሮ አትግቢ። የሥራ ባልደረባሽን ይዘሽ ግቢ።

ተከራካሪው፦ እሺ፣ የሌሊቱን አላውቅም ነበር። ግን ባትፈርምም ነገ ሊያባርሯት ይችላሉ፣ ከዚያስ?

የማኅበር ጸሐፊ፦ ካባረሯት የስንብት ደብዳቤ ምክንያቱን ጽፈው ይስጧት። በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማባረር የተከለከለ ነው፣ ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት ከሌላቸው በስተቀር። አንቀጽ 26ም እርግዝናን ሠራተኛ ማሰናበቻ ምክንያት ሊሆኑ ከማይችሉት ጋር ቆጥሮታል፤ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብንም እንደዚያው። ፍርድ ቤት ወደ ሥራ ይመልሳታል፤ አልመለስም ካለች ካሳ አላት። ካሳው ሥራዋ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ የአማካይ የቀን ደሞዟ 180 እጥፍ ነው፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደሞዝም ይጨመራል። የሠራችበትን ደሞዝ ደግሞ ማንም ሊያስቀርባት አይችልም።

ጊዜው ላይ ግን ተጠንቀቂ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፣ ለክፍያ ጥያቄ 6 ወር ነው። «እንነጋገራለን፣ ቆይ» እያሉ ወራቱን የሚያስበሉ አሠሪዎች አሉ።

ጋሽ ደንቡ፦ ጎበዝ ጸሐፊ። እኔም ወደዚያው እየመጣሁ ነበር። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ችሎት ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ ይኼንን ጨምሩበት። አካባቢሽ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለው፣ የማቅለሚያውን ክፍል መጥቶ እንዲያይ አመልክቺ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ቀልድ አዋቂ፦ ጋሼ ዛሬ በአጭሩ ጻፉ፣ ታምር ነው።

ማሚ፦ ስፌት መስመር፣ ደብዳቤውን መጻፍ ከከበደሽ በውስጥ መስመር አውሪኝ፣ ዛሬ ማታ አብረን እንጽፈዋለን።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ለኔም ይሠራል?

የማኅበር ጸሐፊ፦ አይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው፣ 1156 አይመለከትሽም። አንቺም ለብቻው ጥያቄ ክፈቺና ምን እንደገጠመሽ ጻፊልን። ስፌት መስመር፣ ደብዳቤውን ተቀበሉሽ ወይስ በፖስታ ላክሽው?