የዘር ዘይቶች ብግነት ያባብሳሉን? (ክርክር)

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ «የጤና ተቋማት ሕዝቡ ኦሜጋ-6 በተባለው የቅባት ዓይነት የበለጸጉ የዘር ዘይቶችን፣ ማለትም የሱፍ አበባ፣ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዘይትን፣ ብግነት ያስነሳሉ በሚል ምክንያት እንዲቀንስ ሊመክሩ ይገባልን?» የሚል ነው። ብግነት የምንለው ሰውነት ለጀርም ወይም ለጉዳት የሚሰጠውን፣ በነጭ የደም ሕዋሳት የሚመራውን የመቆጣት ምላሽ ሲሆን፣ እዚህ የሚያከራክረን ሳይበርድ ለዓመታት የሚቆየውና ከልብ ሕመምና ከስኳር በሽታ ጋር የሚያያዘው ዓይነት ነው። ተከራካሪዎች ማስረጃቸው ከሕዋስ፣ ከእንስሳ ወይስ ከሰው የተገኘ መሆኑን እንዲገልጹ እናሳስባለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

አቶ ዮናስ፦ ሊመክሩ ይገባል እላለሁ። የምንመገበው ቅባት ሁሉ ለኃይል አይውልም፤ ከፊሉ በነጭ የደም ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሕዋሱ ጀርም ወይም ጉዳት ባጋጠመው ጊዜም ከዚያው ሽፋን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለውን ባለ 20 ካርበን ኦሜጋ-6 ቅባት ቆርጦ አውጥቶ ፕሮስታግላንዲንና ሉኮትራይን ወደሚባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎች ይቀይረዋል። ትኩሳቱን፣ እብጠቱንና ሕመሙን በአመዛኙ የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። በርግስትሮም፣ ሳሙኤልሰንና ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚሁ ዘርፍ ባደረጉት ምርምር ሲሆን፣ አስፕሪን የሚሠራው የፕሮስታግላንዲንን መመረት በማገድ መሆኑንም ቬን ቀደም ብለው በ1971 አሳይተዋል። የአራኪዶኒክ አሲድ ጥሬ ዕቃ ደግሞ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ሌላ ኦሜጋ-6 ቅባት ነው፤ የተለመደው የሱፍ አበባ ዘይት ከግማሽ በላዩ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በዚህ ላይ ኦሜጋ-6 እና በዓሣ ውስጥ የሚገኘው የቅባት ዓይነት ኦሜጋ-3 በተመሳሳይ ኤንዛይሞች ላይ ስለሚሻሙ፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው ቦታ ያጣል። አስፕሪን እየዋጡ ጥሬ ዕቃውን በገፍ መመገብ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ነው።

ወይዘሮ ሰናይት፦ አቶ ዮናስ የዘረዘሩት መንገድ ትክክል ነው፤ ከመንገዱ ያወጡት መደምደሚያ ግን በሰው ላይ ሲፈተን አልቆመም። ሊኖሌይክ አሲድን ወደ አራኪዶኒክ አሲድ የሚወስደው የመጀመሪያው ኤንዛይም ጠባብ በር ነው፤ ከደጅ የቆመው ሰው ስለበዛ በአንድ ጊዜ የሚገባው አይበዛም። በ2011 የታተመ የሰው ጥናቶች ግምገማ በምግብ ውስጥ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ እስከ 90 በመቶ ቢቀነስም ሆነ እስከ ስድስት እጥፍ ቢጨመር፣ መደበኛውን የምዕራባውያን አመጋገብ በሚከተሉ አዋቂዎች ዘንድ የአራኪዶኒክ አሲድ መጠን ያን ያህል እንደማይለወጥ አመልክቷል። በቀጣዩ ዓመት ተሳታፊዎች በዕጣ የተመደቡባቸውን 15 ሙከራዎች የመረመረ ሌላ ግምገማ ደግሞ፣ ሊኖሌይክ አሲድ መጨመር በጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን ወይም ሌሎቹን የብግነት ምልክቶች ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

አራኪዶኒክ አሲድንም እንደ ወንጀለኛ ብቻ ማየት አይገባም። ከእርሱ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ሕመምና ትኩሳት ቢያመጣም፣ ማክሮፋጆች (ጀርምን የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት) የሚለቁትን ቲኤንኤፍ የተባለ ብግነት አባባሽ ፕሮቲን ይገታል፤ ሊፖክሲን የሚባሉትና ብግነቱ ሥራውን ሲጨርስ እንዲበርድ የሚያዙት ሞለኪውሎችም ከዚሁ ከአራኪዶኒክ አሲድ ይሠራሉ። ደግሞስ ሕዝቡ የዘር ዘይትን ትቶ በምን ይተካው? አብዛኛው ሰው የሚዞረው ወደ ቅቤና ወደ ሌላ የሚረጋ (ሳቹሬትድ) ቅባት ነው፤ በውስጡ ያለው ፓልሚቲክ አሲድ ደግሞ ማክሮፋጆችን የሚያስቆጣ ቅባት ነው።

አቶ ዮናስ፦ ወይዘሮ ሰናይት የሰው ሙከራ ከጠሩ፣ የሚነሶታውን የልብ ሙከራ ለምን ዘለሉት? ከ1968 እስከ 1973 በተካሄደው በዚያ ሙከራ 9,423 ሰዎች ተካተው፣ ለግማሾቹ የሚረጋው ቅባት በበቆሎ ዘይት ተተክቶላቸው ነበር። ኮሌስትሮላቸው ወረደ፤ ሞት ግን አልቀነሰም። ሙሉው መረጃ ተመርምሮ የታተመውም በ2016 ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ተሸፍኖ መቆየቱ ራሱ ያሳስበኛል። ስለ ፓልሚቲክ አሲድ የተባለው ደግሞ በብዛት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ የተገኘ ውጤት ነው። እኔን በሰው ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ለራሱ የሕዋስ ማስረጃ ሊፈቅድ አይገባም።

ዶክተር ሄኖክ፦ የአቶ ዮናስ የመጨረሻ ነጥብ መልስ ይገባዋል፤ ታሪኩም ከሚታሰበው በላይ የተወሳሰበ ነው። ማክሮፋጆች የባክቴሪያን ልባስ የሚያውቁበት ቲኤልአር4 የተባለ ተቀባይ አላቸው። የዚያ ልባስ ዋና ክፍል በተፈጥሮው በሳቹሬትድ ቅባት አሲዶች የተሠራ ስለሆነ፣ «ከምግብ የሚገኘው ሳቹሬትድ ቅባትም ይህንኑ ተቀባይ ሊቀሰቅስ ይችላል» የሚለው ግምት የሚያሳምን ነበር፤ በ2001 የታተመ የሕዋስ ጥናትም ደገፈው፤ በብዙ መማሪያዎችም እንደ ተረጋገጠ እውነት ገባ። በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ቅባቱን ለማሟሟት የሚጠቀሙበት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ራሱ በባክቴሪያ ልባስ ቅሪት ሊበከል እንደሚችል ጠቆሙ፤ ሕዋሱን ያስቆጣው ቅባቱ ይሁን ብክለቱ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በ2018 የወጣ ሥራ ፓልሚቲክ አሲድ በቀጥታ ቲኤልአር4ን እንደማይቀሰቅስ አሳየ። የሚገርመው ግን ተቀባዩ ከነጭራሹ ከሌለ ፓልሚቲክ አሲድ ብግነቱን አለማስነሳቱ ነው፤ ምክንያቱም ቀደም ብሎ በሌላ ነገር የተቀሰቀሰው ተቀባይ የሕዋሱን የቅባት አያያዝ ይለውጠዋል፤ ፓልሚቲክ አሲድ የሚያስቆጣው በዚህ መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀውን ሕዋስ ነው።

ስለዚህ ሳቹሬትድ ቅባት ነጻ አልወጣም፤ የተከሰሰበት መንገድ ነው የተለወጠው። ሕዋሱ የተረፈውን ፓልሚቲክ አሲድ በአግባቡ ማከማቸት ሲያቅተው ሴራሚድን ወደመሳሰሉ ጎጂ ቅባቶች ይቀይረዋል፤ በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦሌይክ አሲድ አብሮ ሲኖር ግን ያው ፓልሚቲክ አሲድ ትራይግሊሰራይድ ወደተባለው የሚከማች ቅባት ተቀይሮ ጉዳት ሳያደርስ ይቀመጣል። አንድን ቅባት ብቻውን ሳህን ላይ አፍስሶ መፍረድ የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሚነሶታው ሙከራ ደግሞ አንድ ነገር ተዘሏል። ተሳታፊዎቹ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችና የአረጋውያን ተቋም ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ቶሎ ይለቁ ስለነበር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በአመጋገቡ የቆዩት 2,355 ብቻ ናቸው። ሙከራው ስለ ሞትና ስለ ኮሌስትሮል ይናገር ይሆናል፤ ስለ ብግነት ግን በቀጥታ የሚነግረን ነገር የለም፤ የዛሬ ርዕሳችን ደግሞ እርሱ ነው።

ወይዘሮ ማርታ፦ ስለ ትራንስ ፋት ማንም አልተናገረም፤ የሚከራከርበት ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። የብግነት ምልክቶችን እንደሚጨምር ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 በኢንዱስትሪ የሚመረተው ከምግብ እንዲወገድ ጠርቷል። እኔ የምጠይቀው ስለ ኦሜጋ-3 ነው። አቶ ዮናስ እንደሚሉት ጉዳዩ የሽሚያ ከሆነ፣ የዘር ዘይቱን ሳንነካ የዓሣ ዘይት መጨመር አይበቃምን?

ዶክተር ሄኖክ፦ በመጠኑና በሰውየው ይወሰናል። ከዓሣ የሚገኙት ኢፒኤና ዲኤችኤ የተባሉ ኦሜጋ-3 ቅባቶች በሕዋሱ ሽፋን ላይ አራኪዶኒክ አሲድን በከፊል ይተካሉ፤ ሪዞልቪን የተባሉትንና ብግነትን የሚያበርዱትን ሞለኪውሎችም ያስገኛሉ። በሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ብግነት የሚሠቃዩ ሕሙማን በቀን ወደ 3 ግራም ገደማ ሲወስዱ የሕመምና የጠዋት መገታተር መቀነስ ታይቷል። ለጤነኛው ሕዝብ ግን ውጤቱ የደበዘዘ ነው፦ 25,871 አሜሪካውያን በተካተቱበት ቫይታል በተባለው ሙከራ በቀን 1 ግራም ኦሜጋ-3 የወሰዱት ሰዎች የራስ-አጥቂ በሽታዎች መጠን በ15 በመቶ ያነሰ ቢሆንም፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚታመን ደረጃ ላይ አልደረሰም።

ወይዘሮ ሰናይት፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ የዛሬውን ጥያቄ በአጋጣሚ የሚነካ ነው። ከፍተኛ የኦሜጋ-3 መጠን ለልብ ይጠቅም እንደሆነ የመረመሩ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተቃራኒ ውጤት አገኙ። በ2018 ውጤቱ የወጣው ሬዲዩስ-ኢት የልብ አደጋዎች በ25 በመቶ መቀነሳቸውን ሲያሳይ፣ በ2020 የወጣው ስትሬንግዝ ምንም ጥቅም አላገኘም። የመጀመሪያው ለንጽጽር የተጠቀመው ከነዳጅ የሚወጣ የማዕድን ዘይት ነበር፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ከፍ ብሏል። የሁለተኛው ማነጻጸሪያ የበቆሎ ዘይት ነበር፤ ይኸውም አቶ ዮናስ የከሰሱት ራሱ የዘር ዘይት ነው።

አቶ ዮናስ፦ በቀን 4 ግራም የበቆሎ ዘይት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ስለሆነ ስለ ምግብ ዘይት ምንም አያረጋግጥም። ይሁንና አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ፦ «ኦሜጋ-6 ቀንሱ» ከሚለው ይልቅ «ኦሜጋ-3 ጨምሩ» የሚለው ምክር የተሻለ ማስረጃ እንዳለው እቀበላለሁ። ሊኖሌይክ አሲድ በተደጋጋሚ በሚሞቅ የመጥበሻ ዘይት ውስጥ ሲበላሽ የሚፈጥራቸውን አልዲሃይዶች በተመለከተ ግን አልመለስም፤ ከነዚህ አንዱ የሆነው ሃይድሮክሲኖነናል ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ሕዋስን የሚጎዳ ነው። የተጠቀሱት ሙከራዎች የለኩት ትኩስ ዘይትን እንጂ ደጋግሞ የተጠበሰበትን አይደለም።

ወይዘሮ ሰናይት፦ ያ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ምክሩ ስለ ማሞቅ ይሁን እንጂ ስለ ዘይቱ ዓይነት አይሁን። በ2019 የታተመና 30 የክትትል ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በደማቸው ብዙ ሊኖሌይክ አሲድ ያለባቸው ሰዎች ለልብ በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

አቶ ዮናስ፦ የክትትል ጥናት ነው። ብዙ ሊኖሌይክ አሲድ ያለው ሰው ለውዝና አትክልት የሚያዘወትር፣ የማያጨስም ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ በስሌት ቢያስተካክሉም ያልለኩትን ማስተካከል አይችሉም። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንም ጉበት የሚሠራው ነው፤ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያለው ማክሮፋጅ ምን እየሠራ እንደሆነ አይነግረንም።

ዶክተር ሄኖክ፦ ታዲያ የሚለካውን ራሳችን እንምረጥ። ከተሳታፊዎች የተወሰዱ ሞኖሳይቶችን (ወደ ማክሮፋጅ ሊለወጡ የሚችሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን) በላቦራቶሪ ለባክቴሪያ ልባስ አጋልጦ የሚለቁትን ቲኤንኤፍ መለካት ይቻላል፤ የኦሜጋ-3 ሙከራዎች ይህን ሲያደርጉ ቆይተዋል። ይኸው መለኪያ አንዱን ቡድን በትኩስ፣ ሌላውን ደጋግሞ በሞቀ የዘር ዘይት በሚያነጻጽር ሙከራ ውስጥ ቢገባ፣ አቶ ዮናስና ወይዘሮ ሰናይት የሚለያዩበት ነጥብ በሰው ላይ ሊፈተን ይችላል።